ባለ ሰማያዊ ክዳኑ የጨው ዕቃ

ሰኞ 3

...ከዚያ አባባ ማንኪያውን የሳህኑ ጠርዝ ላይ አስደግፎ «ይሄ ምግብ ነው ወይስ ቅጣት?» አለ። ታላቅ እህቴ እትዬ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ሾርባውን መንገድ ላይ እንዳገኘው እንግዳ ሰው ትክ ብሎ አየው። ትናንት ምሳ ላይ የሆነ ነገር ነው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከፊቴ አልጠፋ አለኝ።

የልብ ሐኪሙ ጨው ከከለከለው ሁለት ወር ሊሞላው ነው። አዲስ ኪኒንም ጨምሮለታል። በማሸጊያው ላይ ያለውን ወረቀት ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ሳነብለት፣ ለምን እደብቃለሁ፣ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኛል። ኪኒኑ የሚሠራው እኔ አሥራ አንድ ዓመት ስከታተለው በኖርኩት ነገር ላይ ነው። ኩላሊት ህዋሳት ውስጥ አንድ ተቀባይ አለ። አልዶስትሮን የሚባለው ሆርሞን «ጨው ያዙ» ብሎ ሲያዝ ትእዛዙን የሚሰማው እሱ ነው። ኪኒኑ ይህን ጆሮ ይደፍነዋል። ጨውና ውሃ ይወጣል፤ የደከመ ልብ ትንሽ ያርፋል።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የኔ ተቀባይ ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ተዛምደናል በይኛ» አለ።

እትዬ እስከ ደረጃው ድረስ ሸኘችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «ሚጡ፣ አይበላም እኮ። ሱሪውን ሁለቴ አጠበብኩለት። ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ አንድ መላ አጣሽለት? ስለ ጨው ካንቺ በላይ ማን ሊያውቅ ነው?»

አውቶብስ ውስጥ ይህችን ዓረፍተ ነገር እየደጋገምኩ መጣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር መሰለኝ።

ሐሙስ 6፣ የምሳ ሰዓት

የክፍላችን ኃላፊ ስሙ ሌላ ነው፤ ከጀርባው ግን ሁላችንም «ድገሚው» እንለዋለን። ምን ውጤት ብታሳየው መልሱ ይሄው ነው። ዛሬም፦ «ጥሩ ነው። ድገሚው።» ጽሑፋችንን የሚገመግሙት ሰዎች የህዋስ ቆጠራው በአዲስ አይጦች እንዲሠራ ጠይቀዋል። እስከ ወሩ መጨረሻ። ከዚያ ካለፈ ሌላ ቡድን ይቀድመናል፤ ሌላ ቡድን እንዳለ የማያውቅ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንደኛው ክፍል ያሉት አይጦች ጨው የሌለበት ምግብ ይበላሉ። በሁለተኛው ክፍል ያሉት ፖታሲየም የበዛበት። ደማቸው ሲለካ በሁለቱም ሆርሞኑ ከፍ ብሏል፤ ያው አልዶስትሮን ነው። ኩላሊታቸው ግን የሚሠራው ለየቅል ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጨው ይይዛሉ፣ ሁለተኛዎቹ ፖታሲየም ያስወጣሉ። አንድ ትእዛዝ፣ ሁለት ሥራ። እንዴት?

እኛ የምንለው፣ አንዳንዶቹ ህዋሳት ተቀባያቸው ላይ ፎስፌት የምትባል ትንሽ ነገር ይለጥፋሉ። እሷ እስካለች ሆርሞኑ ቢጮኽም አይሰሙም። ጨውና ውሃ ሲያጥር ያነሷታል፣ ይሰማሉ። ፖታሲየም ሲበዛ አያነሷትም፤ ሌሎቹ ህዋሳት ብቻ ሰምተው ፖታሲየሙን ያስወጣሉ። እኔ ስስ የኩላሊት ቁራጭ ቀለም አስይዤ፣ የለጠፉትንና ያላቀቁትን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው።

አባባ አርባ ዓመት የቴሌፎን ማዞሪያ ላይ ነው የሠራው። ይህን ባንድ ወቅት ሳስረዳው ገመድ እንደሚሰካ ሰው ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ አዳመጠኝና «የኛው መሥሪያ ቤት ነው እንዴ? ደዋዩማ ሁሌም ይደውላል። ጉዳዩ ያለው ከሚያነሳው ዘንድ ነው» አለ። በስብሰባ ላይ ልናገረው እያልኩ ሳልናገረው ቀረሁ።

ዓርብ 7

ከላቦራቶሪው መደርደሪያ ወሰድኩ። ትንሽ። መዝገቡ ላይ «ለመኖ» ብዬ ፈረምኩ።

ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ሲያዩት ጨው ነው፤ ሲቀምሱትም ወደ ጨው ይጠጋል። ሶዲየም የለበትም። ሱቅም በጨው ምትክ ይሸጣል፤ ስንቱ ሰው ይበላዋል። የኛው እንዲያውም ከሱቁ ይልቅ የጠራ ነው።

እሑድ 9

በላ! ሳህኑን በዳቦ ጠረገ።

ከቤቴ ያመጣሁት የብርጭቆ ዕቃ ነው፤ ክዳኑ ሰማያዊ፣ ቀዳዳዎቹ ደቃቅ። ድንቹ ላይ ነሰነሰ፣ ሾርባው ላይ ነሰነሰ፣ ቀመሰ። ፊቱን እያየሁ ጠበቅኩ። አየኝና «ይሄማ ጨው ነው» አለ። እትዬ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ፦

«እስቲ አሁን ደግሞ ቅጣት ነው በል!»

«አንቺ ዝም በይ። ይሄ የልጄ ጨው ነው።»

«እኔስ የማን ልጅ ነኝ?»

«አንቺማ የሱሪ አጥባቢዬ ነሽ።»

ሦስታችንም ሳቅን። እንዲህ ከሳቅን ስንት ጊዜ ሆነን? ስወጣ እትዬ አቀፈችኝ፤ ብዙ አታቅፍም።

ረቡዕ 12

ህዋሳቱን ቀለም የሚያስይዘው አንቲቦዲ አልያዘም። ሁለት ቀን ባከነ። ሙቀቱ ልክ የለውም፤ ማቀዝቀዣው ያለቅሳል፣ ወለሉ ረጥቧል።

ዓርብ 14

እትዬ ደወለች። አባባ ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ተቀመጠ አሉ። «እግሬ ከበደኝ፣ እንጨት ሆነብኝ ይላል።» ሙቀቱ ነው አልኳት። ውሃ ይጠጣ። እውነትም ሙቀቱ ነው፤ እኔስ ብሆን እየጎተትኩ አይደል የምሄደው።

«በልቷል ግን?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ይበላል፣ ይበላል። ጨውሽን አይለቅም።»

ማክሰኞ 18

ድገሚው ዛሬ ያለውን አልጽፈውም።

ከሰዓት በኋላ ወደ አይጦቹ ወረድኩ። የሚጠብቃቸውን ሰውዬ «ሞግዚቱ» እንለዋለን። እያንዳንዷን በጠባይዋ ያውቃታል፤ ስትሞት ያኮርፈናል። ሁለተኛውን ክፍል መኖ እየሞላ ነበር።

«ዶክተርዬ፣ እነዚህ ይሄን ሁሉ ፖታሲየም ሲያሻምዱ ምነው ምንም አይሆኑ?»

«ኩላሊታቸው ያስወጣዋላ። ሆርሞኑ ያዛል፣ ኩላሊቱ ይሰማል።»

«ባይሰማስ?»

«ይጠራቀማል።»

«ከዚያስ?»

«መጀመሪያ እግራቸው ይደክማል። ከዚያ ልብ ይዘገያል። ከዚያ ይቆማል።»

«አቤት!» አለ፣ አንዷን በጭራዋ አንስቶ እያየ። «ሰምተሻል አንቺ? ጆሮሽን ክፈቺ።»

ሳቅኩ። ሃያ አራቱን መዝኜ ወደ ላይ ወጣሁና ቆጠራዬን ቀጠልኩ።

ቅዳሜ 22

ሌላ ቀን ከዚህ የባሰ ሥራ በዝቶብኝ ያውቃል፤ ስለዚህ ሥራ በዛብኝ የምለው ሰበብ አይደለም።

ጠዋት ሄድኩ። አባባ ወንበሩ ላይ ነበር። ሳቀልኝ፤ ሳቁ ግን ዘግይቶ መጣ። ብርጭቆ ሲያነሳ ከእጁ አመለጠችና ተሰበረች። «እጄ ዛሬ የሰው እጅ ሆናለች» አለ። ስብርባሪውን እየለቀምኩ በዚያው የእጁን አንጓ ይዤ ምቱን ቆጠርኩ። አርባ አራት። ደግሜ ቆጠርኩ። አርባ ሦስት። አንድ ጊዜማ ሁለተኛው ምት እስኪመጣ ድረስ ቀና ብዬ አየሁት።

እትዬ ከጓዳ፦ «ሐኪም ቤት እንውሰደው እንዴ?»

«ረቡዕ ቀጠሮ አለው አይደል? አራት ቀን ነው የቀረው።»

ስምንት ሰዓት ላይ የሚወጡ የላቦራቶሪ ስላይዶች ነበሩኝ። ከቀለሙ ውስጥ በሰዓቱ ካልወጡ ይበላሻሉ።

ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ግማሽ ሆኗል። በራሴ እጅ፣ ከቦርሳዬ ካመጣሁት፣ ሞላሁት። አባባ «በርቺልኝ» አለኝ።

ሰኞ 24

ወደቀ። መታጠቢያ ቤት። እትዬ እየጮኸች ደወለች። አምቡላንስ። ልቡ በደቂቃ ሠላሳ አንድ። ደም ወሰዱ። ፖታሲየሙ ሰባት ነጥብ አራት አሉ። ሰባት ነጥብ አራት። ይህን ቁጥር ከአይጥ ውጭ አይቼው አላውቅም።

ማክሰኞ 25፣ ኮሪደር

ካልሲየም ሰጡት፣ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ሰጡት። ኪኒኑን አቆሙት። ልቡ ተመልሷል። ፖታሲየሙ ወደ አምስት ነጥብ ስምንት ወርዷል። ተኝቷል።

ጠዋት ተረኛው ሐኪም መጣ። ልጅ እግር ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። እትዬ ቀሚሷ ላይ ክር ተሰክቶ፣ እንደ ተማሪ ቆመች። እኔ የአባባን ልብስ የያዘውን ቦርሳ ይዤ አጠገቧ ነበርኩ።

«የሚያበሏቸው እርስዎ ኖት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ ዶክተር።»

«ምን ምን ይበላሉ?»

«ሾርባ፣ ድንች፣ ሩዝ... ጨው የለበትም። አንድ ቀን አልጨመርኩም።»

«ፍራፍሬስ?»

«ሙዝ ይወዳል። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።»

ሐኪሙ ብዕሩን ዘጋው። «እናቴ፣ ይሄን ኪኒን የሚወስድ ሰው በየቀኑ ሁለት ሙዝ? ፖታሲየም እኮ ነው! አልተነገራችሁም? ልባቸው ቆሞ ነበር ማለት ይቻላል። ሙዝ!»

«አላወቅኩም» አለች እትዬ። «እግዚአብሔርን፣ አላወቅኩም።»

ዘወር ብላ አየችኝ። የምታየኝ የተማረችው እህት አንድ ነገር እንድታስረዳት ነበር። እኔም አስረዳኋት። «ሙዝ ፖታሲየም አለው» አልኩ። ውሸት አይደለም። ሁለት ሙዝ ሰባት ነጥብ አራት እንደማያደርስ አውቃለሁ። ሐኪሙም እንቅልፍ ቢያገኝ ኖሮ ያውቀው ነበር።

ስለ ዕቃው ማን ጠየቀ? «ጨው» ነው የተባለው። ጨው የለም አለች።

ረቡዕ 26

እትዬ ቤት ያለውን ሙዝ ሁሉ ጠቅልላ ለጎረቤት ሰጠች። እያለቀሰች ነው የሰጠችው አሉ። ዛሬ አልጋው ሥር ተንበርክካ ጫማውን እያወለቀች «አባባ ይቅር በለኝ» ስትለው ሰማሁ። እሱ ምን እንዳጠፋች ስላልገባው «አሁን ደግሞ ምን ሰፋሽ፣ ምን አጠበብሽ?» አላት።

ዛሬ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት። ሌላ ሐኪም ነው የጠበቀኝ። ቸኩሏል። ነገ።

ሐሙስ 27

ቀለሙ ያዘ። ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ እንዲህ የጠራ ምስል አላየሁም። ጨው ባጡት አይጦች ኩላሊት ፎስፌቷ የለችም፤ ፖታሲየም በበሉት ህዋሳቱ እንደ ፋኖስ አረንጓዴ ያበራሉ፤ ሁሉም ለጥፈዋል፣ አንዱም አይሰማም። ድገሚው ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሳ ረዥም ጊዜ ቆየ። ከዚያ ትከሻዬን ያዘና «አትድገሚው» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። ሞግዚቱ እንኳን ከታች ወጥቶ መጣ።

አሥር ሰዓት ላይ እትዬ ደወለች። «ፖታሲየሙ እንደገና ከፍ አለ። ስድስት ነጥብ ሰባት። ግራ ገብቷቸዋል። ሚጡ፣ አንድ ሙዝ አላስነካሁትም፣ ሙች ስልሽ!»

አረንጓዴውን እያየሁ ነበር የማዳምጣት።

ኪኒኑ ቆሟል፤ ሙዝ የለም። ታዲያ ከየት?

ዓርብ 28

ጎህ ሲቀድ እትዬ ቤት ሄድኩ፤ ቁልፍ አለኝ። እሷ ሆስፒታል ነበረች። ዕቃው ጠረጴዛው ላይ የለም። መደርደሪያው ላይ የለም። የስፌት መኪናውን መሳቢያ ሳይቀር ከፈትኩ፤ ቁልፎች፣ መርፌ፣ የአባባ ሱሪ ቅዳጅ። በየጓዳው ስበረብር ቆይቼ ነው ሆስፒታል መወሰዱ የገባኝ። ታክሲ ያዝኩ።

አባባ ነቅቶ ነበር። አልጋው ላይ ዕቃ አላየሁም። ትራሱን ላስተካክል ብዬ እጄን ከሥሩ ከተትኩ። ብርጭቆው ከሰውነቱ ሙቀት የተነሳ ሞቅ ብሎ ነበር።

«ቀስ! ሐኪሞቹ እንዳያዩብኝ» አለ በሹክሹክታ። «እትዬሽን አምጪልኝ ብያት ነው። የሆስፒታል ሾርባ እንደምታውቂው ነው። ጨው አይደለምና አይከፋም አለች፤ ከሙዙ በኋላ ሁሉን ነገር ስትፈራ ይሄን ግን አልፈራችም። ሚጡ የሠራችው ነው አለች።»

«አባባ፣ ይጣፍጥሃል?»

መስኮቱን አየ።

«እውነቱን ልንገርሽ?»

«ንገረኝ።»

«መራራ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መራራ ነበር፤ ብረት የላስኩ ያህል። ግን አንቺ በየሳምንቱ እየመጣሽ ፊቴን እያየሽ ትጠብቂያለሽ። ምን ልበል? ከሥራሽ ያመጣሽልኝ የመጀመሪያ ነገር ነው።»

ፊቴን አየና «ለምን ታለቅሻለሽ? ለምጄዋለሁ እኮ» አለ።

ዕቃውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ተረኛውን ሐኪም፣ ያንኑ ልጅ እግሩን፣ ኮሪደር ላይ አስቆምኩት። ምን እንደሆነ፣ ስንት ግራም እንደሚሆን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ሁሉንም ነገርኩት። እየጻፈ ነበር።

«ይሄ ከየት ነው የሚገኘው?»

«ከላቦራቶሪ። እኔ ነኝ ያመጣሁት። የኩላሊት ተመራማሪ ነኝ።»

መጻፉን አቆመ። ቀና ብሎም አላየኝም። ከዚያ እንደገና መጻፍ ጀመረ።

«ለእህትዎ ይንገሯቸው» አለ ሲጨርስ። «በሙዝ ጮኼባቸዋለሁ።»

እሑድ 30

አምስት ነጥብ ሁለት። ነገ ይወጣል።

ለራሴ እንኳን እስከ ዛሬ ያልጻፍኩትን ልጻፈው። ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት፤ ዓርብ 7 ላይ ያለው አራት መስመር ብቻ ነው። ሌላም ነበር። ያን ዕለት ጠርሙሱን ይዤ፣ ከመደርደሪያው ፊት ቆሜ፣ ኪኒኑን አስቤዋለሁ። ኪኒኑ የሚደፍነው ተቀባይ ፖታሲየም እንዲወጣ የሚያዘውንም ትእዛዝ እንደሚሰማ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቃል። እኔ አስተምረዋለሁ፤ በሰሌዳ ላይ ሥዬዋለሁ። አሰብኩትና «ትንሽ ነው» አልኩ። ከዚያ ደግሞ እትዬ ደረጃው ላይ ያለችኝ ነገር መጣብኝ። ስለ ጨው ካንቺ በላይ ማን ሊያውቅ ነው። ይህንን ሳስብ ክዳኑን አጠበቅኩት።

ቅዳሜ 22 ደግሞ ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ሁለት ጊዜ።

ሰኞ 1

ቤት ገባ። በሁለት ሰው ተደግፎ ደረጃውን ወጣ። እትዬ ለሳምንት የሚሆን ሾርባ ሠርታ አስቀምጣለች፤ በየዕቃው ላይ በወረቀት «ሙዝ የለም» ብላ ለጥፋለች። ሾርባ ላይ። ማን ሙዝ ሾርባ ውስጥ ይከታል? አይቼው መሳቅ ፈልጌ አልቻልኩም።

ዛሬ አልነገርኳትም። ቤቱ ውስጥ ሰው ነበር።

ማክሰኞ 2

ድገሚው ጽሑፉን ላከ። በጸሐፊዎቹ ዝርዝር ላይ የስሜን ቦታ ከፍ አድርጎታል። ኬሚካሎቹን የሚመዘግበው ሰው መዝገቡን ይዞ መጥቶ «ለየትኛው መኖ ነው?» አለኝ። «ለቤት» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ረቡዕ 3፣ ደረጃው ላይ

እየጻፍኩ ያለሁት በጉልበቴ ላይ ነው፤ ፊደሉ ይወላገዳል።

አባባ ውስጥ ክፍል ተኝቶ ነበር። እትዬ እየሰፋች ነበር፤ አዲስ ሱሪ፣ ወገቡ ሰፋ ያለ። «ይወፍራል፣ ታያለሽ» አለች። ዕቃውን ከቦርሳዬ አውጥቼ የስፌት መኪናው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። ሩብ ያህል ቀርቶታል።

«ሙዙ አይደለም» አልኳት።

ፔዳሉ ቆመ።

ነገርኳት። ለሐኪሙ ከነገርኩት ይልቅ አጭር ነበር፤ ግራም የለበትም፣ ሆርሞን የለበትም። «እኔ ነኝ። አውቅ ነበር።» ይኸው ነው። ከዚያ የማላስታውሰው ብዙ ነገር ተናገርኩ መሰለኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ፣ ይበላል ብዬ፣ ሳቁን አይቼ...

ዕቃውን አነሳች። ወደ መስኮቱ አቅርባ በብርሃን አየችው። ክዳኑን ፈታች፣ ጣቷን ነከረች፣ ቀመሰች። ፊቷ ምንም አልሆነም። ክዳኑን መልሳ ገጠመች።

«ሐኪሙ ሲጮህብኝ አጠገቤ ነበርሽ» አለች።

«ነበርኩ።»

«የአባባን ልብስ ይዘሽ።»

«አዎ።»

ተነሳች። ከወንበሩ ላይ ቦርሳዬን አንስታ ያዘችልኝ፤ እንደምትሸኘኝ ቀን ሁሉ፣ ገመዱን አስተካክላ። በሩን ከፈተችና ቆመች። ንፋስ እንዲገባ መስሎኝ ነበር። ስትጠብቅ አየኋትና ወጣሁ።

ከውስጥ የአባባ ድምፅ መጣ፣ ቀጭን ሆኖ፦

«ማነው? ሚጡ ናት?»

መልስ ልሰጥ አፌን ከፈትኩ። እትዬ ወደ ውስጥ ዞረች።

«ማንም አይደለም» አለች። «ሾርባህ እየቀዘቀዘ ነው።»

«ጨዌን ይዛልኝ መጥታለች እንዴ?»

በሩ ተዘጋ።